መስመር ያሰመርኩላቸው ንቦች

ዘግይቶ የተማረ ሰው አያድርጋችሁ። በልጅነቱ የተማረ ፊደሉን እንደ ጥርሱ ይዞት ያድጋል፤ መቼ እንደበቀለ እንኳ አያስታውስም። እኔ ግን ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው ሀ ሁ ያልኩት። ልጆቹ «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡት ሰሌዳው ሲከለልባቸው «እትዬ፣ ዝቅ በይ» ይሉኛል፤ እኔም ዝቅ እላለሁ። እንዲህ ዝቅ ስል ዝቅ ስል ስምንተኛ ክፍል ደረስኩና የሁለተኛ ክፍል የእጅ ጽሕፈት አስተማሪ ሆንኩ።

በመከራ የተገኘ ነገር ይከበራል፤ ሲከበርም ይበዛል። እኔ ያበዛሁት መስመርን ነው። ጠማማ ነገር አልወድም። ሰው ቤት ገብቼ የተንጋደደ ሥዕል ካየሁ የሚወራው ሁሉ ጆሮዬ አይገባም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄጄ የድንኳኑ አግዳሚዎች ተዘበራርቀው ባገኛቸው፣ ሰው እንደተቀመጠባቸው ማስተካከል ጀመርኩ። የሟች ወንድም ተነሥቶ፣ እባክሽ እህቴ እሱን እኛ እናደርገዋለን ብሎ፣ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ያኔ መታረም ነበረብኝ። አልታረምኩም። ይባስ ብዬ ንብ ማርባት ጀመርኩ።

ነገሩ የመጣው ከመጽሐፍ ነው፤ የእኔ ጥፋት ሁሉ ከመጽሐፍ ነው የሚመጣው። ስለ ሣጥን ቀፎ የምታስረዳ፣ ሽፋኗ የረገፈ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ እጄ ገባች። በሷ አባባል የባላገሩ ቀፎ ማሩ ሲቆረጥ የንቡ ቤት አብሮ ይፈርሳል። በሣጥኑ ውስጥ ግን ከላይ ተደርድረው የሚንጠለጠሉ አሥር የእንጨት ክፈፎች አሉ፤ ንቦቹ በያንዳንዱ ክፈፍ ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ የማር እንጀራ ይሠራሉ፤ ባለቤቱም እንደ ደብተር ገጽ አንዱን ብድግ አድርጎ፣ አይቶ፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። «እንደ ደብተር ገጽ» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። መጽሐፏ እንደዚያ አላለችም፤ እኔ ግን ያነበብኩት እንደዚያ ነው።

ሣጥኑን የሠሩልኝ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፉርጎ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ቀፎዬ ጎማ ቢገጠምለት ጅቡቲ ደርሶ የሚመለስ ነበር። አራት ሰው ተሸክሞ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ስድስት ወር ባዶውን ተቀመጠ። አብራኝ የምትኖረው አክስቴ በላይነሽ በርበሬ ታሰጣበት ጀመር።

ንቦቹን ያመጡት ኦቦ ሙሜ ናቸው። ኦቦ ሙሜ የሐርላ መንደር ሰው ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማር ይዘው ቀፊራ ገበያ ይመጣሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሳቸው በቀር ከማንም ማር ገዝቼ አላውቅም፤ ስምንት ዓመት ሙሉም ማራቸው ሰፈፍ አለበት ብዬ ሳልነጫነጭ የቀረሁበት ቅዳሜ የለም። እሳቸውም ሁልጊዜ «አዴ፣ ንብ ወንፊት የለውም» ይሉኝ ነበር፤ አዴ በኦሮምኛ «እመቤት» እንደማለት ነው።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። በሐርላ ያለው ግራር አበባው ሳይፈነዳ ደረቀ፤ ኦቦ ሙሜ ዛፍ ላይ ከሰቀሏቸው ሰባት ቀፎዎች ንቡ አንድ ባንድ እየለቀቀ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ማር ሳይዙ መጡ። የቀረቻቸው አንዲት ቀፎ ናት፤ እሷም የሁሉም እናት ናት፣ ሌሎቹ መንጋዎች ከሷ የወጡ ናቸው። እሷም ከሄደች፣ ዝናቡ ቢመለስ እንኳ ለዘር የሚሆን ንብ የላቸውም። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ብቻ የባዶውን ጣሳ ክዳን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

እኔም፣ አፌን ይያዘውና፣ ከዚራ አትክልቱ ሁሉ ውሃ ይጠጣል፣ አበባው ሞልቷል፣ ዘመናዊ ቀፎም አለኝ፣ ዝናብ እስኪመጣ እኔ ዘንድ ይቀመጡልዎ አልኩ። መጽሐፏን ከቦርሳዬ አውጥቼ የክፈፎቹን ሥዕል አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ንቡ ይሄን ሥዕል አይቶታል?» አሉ።

«እኔ አሳየዋለሁ» አልኩ። ያ ቃል ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬን ያሞቀዋል።

መጽሐፏ፣ በያንዳንዱ ክፈፍ የላይኛው እንጨት ሥር ቀጭን የሰም ጥብጣብ ይለጠፍ ትላለች፤ ንቡ እሱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ እንዲሠራ ነው። ኦቦ ሙሜ አንድ ድቡልቡል ሰም ላኩልኝ። አቅልጬ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ አፍስሼ፣ በማስመሪያ እየለካሁ አሥር ጥብጣብ ቆረጥኩ፤ አንዱ ካንዱ የጸጉር ስፋት ያህል አይበልጥም። እያየኋቸው ደስ እንዲለኝ መደርደሪያው ላይ ከመጻሕፍቴ ጎን ደርድሬያቸው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ማግስቱ የደብራችን ንግሥ ነበር።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። አንዲት ክርስቲያን ሴት በንግሥ ዋዜማ ቤቷ ውስጥ በቀጭን በቀጭኑ የተቆረጠ ንጹሕ ሰም ብታገኝ ምን ታስባለች? አክስቴ፣ ይህች መጽሐፍ ብቻ የምታውቅ ልጅ በመጨረሻ ልብ ገዛች ብላ አለቀሰች። አልቅሳም አልቀረች፤ አሥሩንም በፈትል ላይ እየጠቀለለች ጧፍ አደረገቻቸው። እኔ ያወቅሁት በማግስቱ ቅጥር ግቢው ውስጥ ቆሜ፣ ዙሪያዬ ያሉት ሴቶች የያዙት ጧፍ ቁመቱ እኩል መሆኑን ሳይ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ እኩል የሆነ ጧፍ የለም። አክስቴ አንዱን ለእኔ አስቀምጣልኝ ኖሮ ሰጠችኝ፤ የንቦቼን መንገድ በገዛ እጄ ይዤ እስኪያልቅ አበራሁት።

ሌላ ሰም ማስላክ ይቻል ነበር። ግን ኦቦ ሙሜ በማግስቱ ንቦቹን ይዘው ሊመጡ ነው፤ አንድ እስላም ሽማግሌ የላኩትን ሰም አክስቴ ለታቦት አበራችው ብሎ መናገርም አፌ ላይ አልመጣ አለ። (በኋላ ስነግራቸው፣ «ታዲያ የት ይበራ?» ነው ያሉት።) ስለዚህ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። ከክፈፎቹ የላይኛው እንጨት ሥር፣ ልክ በመካከሉ ላይ፣ በቀይ እርሳስ መስመር አሰመርኩ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ መስመር ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ጥበበኛ የሚባለው ንብ እንዴት ያቅተዋል?

ሁለተኛው ጥፋቴ ከርኅራኄ የመጣ ነው። አሥሩ ክፈፎች ተጠጋግተው ሳያቸው አዘንኩላቸው። መጽሐፏ በመካከላቸው ያለው ርቀት እንዳይነካ ብላ አስጠንቅቃለች፤ ነገር ግን የጻፋት ሰው ግንቦትን ድሬ አሳልፎ እንደማያውቅ ያስታውቃል። በዚህ ሙቀት ማን ነው እንዲህ ተጣብቆ የሚኖር? ሁለቱን አወጣሁና የቀሩትን ስምንቱን አየር እንዲያገኙ በማስመሪያ እኩል አራራቅኋቸው። እኩልነታቸው ልብ ያርስ ነበር።

ኦቦ ሙሜ በአህያ ጭነው በማለዳ መጡና ንቦቻቸውን ወደ ሣጥኑ አራገፉ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ይላሉ፤ ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ያደርጋሉ፤ «ይሠራል» ይላሉ፤ ውሃ ጠጥተው ይሄዳሉ። እኔ መጽሐፏ ሦስት ሳምንት አትክፈቱ ስላለች ሃያ አንድ ቀን ቆጥሬ ጠበቅኩ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ለባብሼ ወጣሁ። ሁለት ጋቢ ደርቤያለሁ፤ ራሴ ላይ የሰሌን ባርኔጣ፣ በባርኔጣው ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የወባ አጎበር፣ እጄ ላይ የአናጢው የቆዳ ጓንት። አክስቴ ከበሩ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ልጄ፣ ልትዳሪ ነው ወይስ ልትገነዢ?» አለች።

ክዳኑን ሳብኩት። አልነቃነቅ አለ። ትምህርት ቤት ዘግይቶ ለገባ ሰው የማይከፈት ነገር የለም ብዬ በሙሉ ጉልበቴ ሳብኩት። ከውስጥ አንድ ነገር ተገነጠለና ዱብ ሲል ተሰማኝ፤ ክዳኑም ተከፈተ።

አንድም እንጀራ፣ አንድም፣ መስመሬን አልተከተለም። ከአንዱ ክፈፍ ተነሥቶ ሦስቱን አቋርጦ ግድግዳው ጋ የሚያበቃ አለ። እንደ መጋላ ሰፈር ጉራንጉር ሄዶ ሄዶ ወደ መጣበት የሚመለስ አለ። እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተጠማዝዞ መሐል ላይ ለሁለት የሚከፈል አለ። እኔ ለአየር ብዬ የተውኩትን ክፍተት ደግሞ ባዶ ቦታ አይወዱም ኖሯል፤ ከክዳኑ ላይ ሌላ እንጀራ አንጠልጥለው ሞልተውታል። የገነጠልኩት እሱን ነው። አንዱን ክፈፍ ብድግ ላደርግ ብሞክር ስምንቱም እንደ ዘመድ ተያይዘው ተነሡ። ቀዩ መስመሬ ግን ማንም ሳይነካው ቀጥ ብሎ ይታያል።

ንቦቹ ወጡ። የነደፉኝ ነድፈውኝ፣ የቀሩት ንቀውኝ ነው መሰል አጥሩን ተሻግረው ሀዋ ግቢ ገቡ። ሀዋ ሶማሊ ጎረቤታችን ናት፤ ሀልዋ የሚባለውን የስኳር ጣፋጭ እየሠራች ቀፊራ ትሸጣለች፤ በዚያ ሰዓት ሦስት ትሪ ሀልዋ እንዲበርድላት ጥላ ሥር አስቀምጣ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ።

«አቦ ጎረቤት፣ እንግዶችሽ እኔ ጋ ናቸው። ቀምሰዋል፤ ወደውታል። አሁን ማን ይሸኛቸው?»

ይቅርታ ልጠይቅ በመንገዱ በኩል ዞርኩ፤ ልብሴን ማውለቅ ረስቼ። ከፊት ለፊት የሚመጣ ጋሪ ነበር። ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ባለጋሪው ቢገርፈው፣ ቢለምነው እንቢ አለ። በኋላ ሽርጡን አውልቆ ዓይኑን ሸፈነለትና ተጎትቶ አለፈ። ሰው፣ ፈረሱ ንብ ፈርቶ ነው ይላል። ፈረሱ ንብ አላየም፤ ያየው እኔን ነው። ሀዋም ስታየኝ መጀመሪያ በሯን ዘጋች፤ ቀጥላ በመስኮት፣ ትሪዎቹን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈኗን፣ ንቦቹም ሲመሽ ወደ ቤታቸው እንደሚመለሱ፣ እኔም ወደ ቤቴ ብመለስ ደግ እንደሆነ ነገረችኝ።

ሲመሽ ንቦቹ በእርግጥም ተመለሱ። እኔ በማግስቱ በአንድ ዓይን አስተማርኩ፤ ሌላው አብጦ ተዘግቷል። በአንድ ዓይን ሲታይ የተማሪዎቼ መስመር ሁሉ ቀጥ ያለ ነበር።

ሳቁ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ያ ዱብ ያለው እንጀራ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መጽሐፏ፣ ንግሥቲቱ የሞተችበት መንጋ አይሰነብትም ትላለች። የወደቀው እንጀራ በእሷ ላይ ወድቆ እንደሆነስ? ደግሞ በሙቀቱ ሰሙ እየለሰለሰ ነው፤ እኔ ያናጋሁት ሁሉ ዛሬ ነገ መውደቁ አይቀርም። የእኔ ንብ ቢሆን ኖሮ፣ ተማርኩበት ብዬ በርበሬው ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። ንቡ ግን የእኔ አልነበረም።

ቅዳሜ ኦቦ ሙሜ መጡ። ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ አደረጉ። ቆዩ። «ይሠራል» አላሉም። ዞረው ያበጠውን ፊቴን አዩኝ።

እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጧፉን፣ እርሳሱን፣ ያወጣኋቸውን ሁለት ክፈፎች። እሳቸው ኩበት አጭሰው በባዶ እጃቸው ክዳኑን አነሡና ወደ ውስጥ አጎነበሱ።

«ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?»

«መስመር ነው።»

«ለማን?»

«ለነሱ።»

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ሳቁ ግን አልቆየም። የወደቀውን እንጀራ ቀስ ብለው ገለበጡት፤ ከሥሩ የተጨፈለቁ ንቦች ነበሩ። አንድ ባንድ እያነሡ አዩ። እናቲቱ፣ ንግሥቲቱ ማለታቸው ነው፣ እዚያ የለችም፤ ሌላም ቦታ ፈልገው አላገኟትም። ሙቀቱ ቀሪውን ሳይጥለው ተቆርጦ ካልወጣ አይሆንም፣ ቤታቸው ከተቆረጠ ደግሞ ይሄዳሉ አሉ። ይህንንም ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። እጃቸው ግን የሚከፍተውና የሚዘጋው ጣሳ አጥቶ ነጭ ጢማቸውን ይጎነጉናል።

መጽሐፏን ይዤ ተመለስኩ። የመጨረሻው ምዕራፍ ርእሱ «ችግር ሲያጋጥም» ይላል፤ አንብቤው አላውቅም ነበር፣ ችግር የሚያጋጥመኝ ስላልመሰለኝ። አሁን ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጠማማው እንጀራ ከነእንቁላሉና ከነእጩ ይቆረጣል፤ በክፈፉ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ በጥጥ ክር ይታሰራል። ንቦቹ ከቆዩ በሰም ያጣብቁታል፤ ክሩንም ራሳቸው ቆርጠው ያወጡታል።

ኦቦ ሙሜ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አዴ፣ ከኋላ ነበር መጀመር» አሉ።

መጋላ ዘመድ ቤት አድረው በማግስቱ ፀሐይዋ ሳትበረታ ደረሱ። ክር የሚሆን የጥጥ ፈትል በቤታችን አንድ ብቻ ነው፤ አክስቴ ለነጠላ ብላ ሦስት ወር የፈተለችው። ለንብ ልታለብሱት ነው ወይ ብላ እንዝርቱን ደረቷ ላይ አቀፈችው። የኦቦ ሙሜን ፊት ስታይ ግን አውጥታ ሰጠች፤ ሰጥታም አልሄደች፣ ክሩን እኔው እጠመጥማለሁ፣ እናንተ ታባክኑታላችሁ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ሀዋ ወሬውን ሰምታ ኖሮ እንጀራው የሚያርፍበት የሀልዋ ትሪ በአጥሩ ላይ አቀበለችን።

እሳቸው ይቆርጣሉ፤ እኔ በትሪው ተቀብዬ ክፈፉ ውስጥ አስገባለሁ፤ አክስቴ እንደ አራስ ልጅ ትጠቀልላለች። ሁለተኛው እንጀራ ላይ ጠርዙ ወጣ ገባ ሆኖ አስጠላኝና በቢላ ማዕዘን ላወጣለት ስጀምር ኦቦ ሙሜ እጄን ያዙ። ቢላው ላይ ነጫጭ እጮች ተጣብቀዋል።

«እሱ ልጅ ነው» አሉ።

ቢላውን አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ እንደ ተፈጠረ ገባ። ትልቁ እንጀራ መሐሉ አልጠና ብሎ ሲዋልል፣ ኦቦ ሙሜ ቀጥ ያለ እንጨት ፈልገው ዞር ዞር አሉና ብብቴ ሥር ያለውን ማስመሪያ መዘው አወጡ። አስፈቅደው አይደለም። እንደ ተሰበረ እግር ደግፈው አብረው አሰሩት፤ ያ ማስመሪያ አሁን የንብ ነው። አሥሩንም ክፈፎች መጽሐፏ እንዳለችው አጠጋግተን መለስን። እናቲቱን በሥራው መካከል ማናችንም አላየናትም። ከሌለች እስከ ሦስት አራት ቀን ይለቃሉ፣ ካለች ይቀመጣሉ ብለው ኦቦ ሙሜ አህያቸውን ነድተው ሄዱ።

በመጀመሪያው ቀን ንቦቹ በሣጥኑ ፊት ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥለው ዋሉ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። መጽሐፍ ገልጬ መስመሩ አልታየኝ አለ፤ በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጢሙ ጠፍቶ አገኘሁት። ሄደዋል አልኩ። ጠጋ ስል በበሩ ላይ አንዲት ንብ አንድ ነጭ ነገር በአፏ ይዛ ወደ ኋላ ትጎትታለች። ትታገላለች፣ ትወድቃለች፣ ተመልሳ ትይዘዋለች። ክር ነው። ከኋላዋ ሌላዋ መጣች፤ እሷም ክር ይዛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ሥር ትንሽ የጥጥ ክምር ተሠርቶ አክስቴ አጠገቡ ቁጢጥ ብላለች። እናቲቱ ትኑር አትኑር ይህ አያስረዳም፣ ብዙ ተስፋ አናድርግ አልኳት።

«ለመሄድ የተነሣ ሰው ቤት አይጠርግም» አለች።

ቅዳሜ ኦቦ ሙሜ ገበያ ሳይደርሱ በቀጥታ እኛ ጋ መጡ። ከመሐል ያለውን ክፈፍ ያዙና ሳቡት። ብቻውን ወጣ። ጎረቤቱን ሳይነካ፣ ሳይጎትት፣ ብቻውን። ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት፤ አራቁት፣ አቀረቡት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት። ዓይናቸው ለደቃቁ አይሆንም፤ በያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር ያለውን አንቺ እዪልኝ አሉ። መነጽሬን አደረግሁ። መነጽሬ ላይ ንብ አርፋ ነበር፤ እስክትነሣ ጠበቅኳት።

መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነው ያየሁት። ቀጥሎ በአንዱ ጉድጓድ ወለል ላይ፣ ከእርሳስ ጭረት የቀጠነች ነጭ ነገር።

«እንቁላል አለ» አልኩ።

«ቆሟል ወይስ ተኝቷል?»

ዛሬ የተጣለ እንቁላል በጫፉ ይቆማል፤ ሲሰነብት ያዘነብላል፣ በሦስተኛው ቀን ይተኛል። ይህ በመጽሐፌ የለም፤ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። እንደገና አየሁ።

«ቆሟል» አልኩ። «ይሄም ቆሟል። ይሄም። ኦቦ ሙሜ፣ ሁሉም ቆመዋል።»

ክፈፉን ከእጄ ተቀብለው ወደ ቦታው መለሱና ክዳኑን ዘጉ። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ አልነበረውም። አክስቴ ውሃ አመጣችላቸው፤ ጠጡ። ሣጥኑን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ ያ አናጢ የት ነው ቤቱ ሲሉ ጠየቁኝ። ዝናቡ ሲመጣ እናቲቱ ትወልዳለች፤ ልጅቱ ቤት ያስፈልጋታል፤ እሷን ሐርላ ወስደው በእንዲህ ያለ ሣጥን ያኖሯታል።

ደስታዬ ልክ አጣ። ልኩን አሁኑኑ ጽፌ ለአናጢው ላድርስ ብዬ እርሳስ ፍለጋ ብድግ ስል የጋቢዬን ጫፍ ያዙኝ።

«አዴ» አሉ፤ «አንቺ ቤቱን ብቻ አሳዪኝ። የሚለካው እሱ ነው።»